መደብሩ ሲዛወር ጥቅሉ እንዳይፈታ

አንድ የኦንላይን መደብር «የቡና ስብስብ» የሚል ጥቅል ለገበያ አቀረበ እንበል። ደንበኛው በስልኩ የሚያየው አንድ ፎቶ፣ አንድ ስም፣ አንድ ዋጋ ነው። ከፎቶው ጀርባ ግን አንድ ጀበና፣ ስድስት ሲኒ፣ አንድ ረከቦት፣ ግማሽ ኪሎ ቡናና ዕጣን አለ። ቡናው የይርጋጨፌ ይሁን የሐረር መራጩ ደንበኛው ነው። ዕጣኑን ካልፈለገው ይተወዋል፤ ጀበናውን ግን ከጥቅሉ ማውጣት አይችልም። መጋዘን ውስጥ 20 ሲኒ ብቻ ከቀረ ከሦስት ጥቅል በላይ መሸጥ አይቻልም። ይህን ሁሉ የሚያሰላው የመደብሩ ሶፍትዌር ነው።

ባለቤቱ መደብሩን ወደ ሌላ ሶፍትዌር ወይም ወደ ሌላ ሰርቨር ሊያዛውር ሲነሣ ጣጣው ይጀምራል። ጀበናው ይሻገራል፤ ሲኒውና ረከቦቱም ይከተላሉ። የጥቅሉ ስምና ፎቶ እንኳ አዲሱ መደብር ላይ ቁጭ ብሎ ይታያል። ጥቅሉ ሲከፈት ግን ውስጡ ባዶ ነው። ብዙ ጊዜ ይህ የሚሆነው አንድም የስህተት መልእክት ሳይታይ ነው፤ ባለቤቱ የሚሰማው ከተቆጣ ደንበኛ ነው።

ሶፍትዌሩ ውስጥ ጥቅል ማለት በዕቃዎች መካከል ያለ ዝምድና ነው፦ የትኛው ዕቃ ከየትኛው ጋር፣ በስንት ብዛት፣ በምን ቅናሽ፣ በግዴታ ወይስ በፈቃድ። ዕቃዎቹ አንድ ቦታ ይመዘገባሉ፣ ዝምድናቸው ሌላ ቦታ ይመዘገባል። አዛዋሪው ዕቃዎቹን ጭኖ ዝምድናቸውን ከረሳ የተረፈው የጥቅሉ ስም ብቻ ይሆናል።

ነጋዴ ለምን ይጠቀልላል?

ዕቃን አጣምሮ መሸጥ ኢንተርኔት ያመጣው ነገር አይደለም። ማክዶናልድ ምግብና መጫወቻን በአንድ ሣጥን አድርጎ «ሃፒ ሚል» ያለው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ማይክሮሶፍትም ዎርድን፣ ኤክሴልንና ፓወርፖይንትን «ኦፊስ» በሚል ስም በአንድ ላይ ሸጦ ትልቅ ገበያ ይዞበታል።

የዚህን ጥበብ ሒሳብ በግልጽ ካስቀመጡት መካከል ጄምስ አዳምስና ጃኔት የለን ይገኙበታል። የለን በኋላ የአሜሪካ ገንዘብ ሚኒስትር የሆኑት ናቸው። ሁለቱ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጥናት ላይ የቆመው ሐሳብ እንዲህ ሊብራራ ይችላል። አንዲት ደንበኛ ለጀበና 1,000 ብር፣ ለሲኒ ደግሞ 300 ብር ለመክፈል ፈቃደኛ ነች። ሌላው ደንበኛ ተቃራኒ ነው፤ ለጀበና 300፣ ለሲኒ 1,000 ይከፍላል። ነጋዴው ሁለቱንም ዕቃ ለየብቻ በ1,000 ብር ቢሸጥ አንድ ጀበናና አንድ የሲኒ ስብስብ ይሸጥለታል፤ ገቢው 2,000 ብር ነው። ሁለቱን አጣምሮ በ1,300 ብር ቢያቀርብ ግን ሁለቱም ደንበኞች ይገዙታል፤ ገቢው 2,600 ይደርሳል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለበዓል አገር ቤት ላሉ ወላጆቻቸው ስጦታ የሚልኩባቸው የኦንላይን መደብሮችም፣ በርበሬና ሽሮ ከነቅመሙ አጣምረው የሚሸጡትም የሚጠቀሙበት ይኸንኑ ስሌት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ነጋዴ ጥቅሉ ከጠፋ የበዓሉ ገበያ ጠፋ ማለት ነው።

ሦስት ሶፍትዌሮች፣ ሦስት አያያዝ

ጥቅልን ማዛወር ከባድ የሚሆነው እያንዳንዱ ሶፍትዌር ዝምድናውን በራሱ መንገድ ስለሚይዝ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣውና በ2018 አዶቢ በ1.68 ቢሊዮን ዶላር የገዛው ማጄንቶ ጥቅልን ከመጀመሪያው እንደ አንድ የምርት ዓይነት ያውቀዋል። ሶፍትዌሩን ለሚማሩ ሰዎች አብሮት በሚመጣው የናሙና መደብር ውስጥ «ስፕራይት ዮጋ ኮምፓኒየን ኪት» የሚባል ጥቅል አለ። አራት ምርጫዎች አሉት፦ ኳስ፣ የስፖንጅ ጡብ፣ ማሰሪያና ሮለር። ኳሱ በ55፣ በ65 እና በ75 ሳንቲ ሜትር፣ ማሰሪያው በ6፣ በ8 እና በ10 ጫማ ይቀርባል። አንድ የሚመስለው ጥቅል ዘጠኝ ዓይነት ሆኖ ሊሸጥ ይችላል ማለት ነው። ማጄንቶ ይህን ሁሉ ወደ ፋይል ሲያወጣ በአንድ ዓምድ ውስጥ ያጭቀዋል፤ የምርጫው ስም፣ ግዴታ መሆን አለመሆኑ፣ የዕቃው ኮድ፣ ዋጋውና መነሻ ብዛቱ በኮማ እየተለያዩ፣ አንዱ መስመር ከሌላው በቁም ሰረዝ እየተከፈለ። ከዚህ ውስጥ አንዲት ኮማ ያለቦታዋ ብትገባ ጥቅሉ ይበላሻል።

ዉኮሜርስ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ፣ በወርድፕረስ ላይ የሚጫን ነጻ ሶፍትዌር ነው። በራሱ የሚያውቀው ዕቃዎችን በአንድ ገጽ ደርድሮ ማሳየትን ብቻ ነው፤ እውነተኛ ጥቅል የሚሠራው በተጨማሪ ፕለጊን ነው። ከእነዚህ ፕለጊኖች በጣም የታወቀው የጥቅሉን ዝርዝር የሚያስቀምጠው ከተለመዱት የወርድፕረስ ሠንጠረዦች ውጭ፣ ለራሱ ባበጃቸው ሠንጠረዦች ውስጥ ነው። የብዙ ሰው ጥቅል የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ወርድፕረስ አብሮት የሚመጣው ይዘትን የማውጫ መሣሪያ እነዚያን ሠንጠረዦች አይነካም፤ ስለዚህ ጥቅሉ ስሙንና ፎቶውን ይዞ፣ ውስጡን ጥሎ ይወጣል። በተመሳሳይ መንገድ አዲሱ መደብር ላይ ፕለጊኑ አስቀድሞ ካልተጫነና ካልበራ፣ ዉኮሜርስ «ጥቅል» የሚለውን የምርት ዓይነት ስለማያውቀው ፋይሉን ሲያነብ አይቀበለውም።

ሾፒፋይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ካናዳ ውስጥ የተመሠረተ፣ ሰርቨሩንም ሶፍትዌሩንም ራሱ የሚያስተዳድር ኪራይ መደብር ነው። እዚያ ጥቅል የሚሠራው በአፕሊኬሽን አማካይነት ሲሆን ኩባንያው የራሱን ነጻ የጥቅል አፕሊኬሽን በ2023 አውጥቷል። መደብሩ ምርቶችን የሚያወጣበት መደበኛ ፋይል ግን የጥቅል አባላት የሚጻፉበት ዓምድ የለውም። ሌላም ወጥመድ አለበት፤ ፋይሉ ፎቶዎቹን ራሳቸውን አይዝም፣ አድራሻቸውን ብቻ ነው። አሮጌውን መደብር ዘግቶ ፋይሉን የያዘ ነጋዴ በኋላ አድራሻዎቹን ቢከፍት ፎቶ ላያገኝ ይችላል።

ለመዛወር የሚያስገድደው

«ደኅና ከሚሠራ መደብር ምን አዛወረኝ?» የሚል ይኖራል። አንዳንዴ ምርጫ የለም። አዶቢ ለማጄንቶ የመጀመሪያ ትውልድ የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2020 ነው። ከዚያ በኋላ የደኅንነት ቀዳዳ ቢገኝ የሚደፍነው የለም። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በመስከረም አጋማሽ በአንድ የሳምንት መጨረሻ፣ ወደ 2,000 የሚጠጉ የማጄንቶ መደብሮች ተሰብረው ተገብቶባቸዋል። ሳንሴክ የተባለው የደኅንነት ድርጅት የቆጠራቸው 1,904 ናቸው፤ አብዛኞቹም ድጋፍ በተቋረጠበት የአሮጌው ትውልድ ላይ የሚሠሩ ነበሩ። ሰርጎ ገቦቹ የፈለጉት ደንበኞች ሲከፍሉ የሚያስገቡትን የካርድ ቁጥር ነበር።

ሌላው የሚዛወረው ኪራይ ስለከበደው፣ ሰርቨሩ ስለዘገየበት፣ ወይም አንድ የነበረውን መደብር ለአሜሪካና ለአውሮፓ ብሎ ለሁለት ስለከፈለው ነው። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ መንገዱ ላይ የሚጠብቁት መሰናክሎች ተመሳሳይ ናቸው።

መንገድ ላይ የሚበላሸው

የመጀመሪያው መሰናክል ቁጥር ነው። እያንዳንዱ መደብር ለዕቃው የውስጥ ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ ባንክ ቤት እንደሚሰጥ የወረፋ ቁጥር ስለሆነ በአንዱ ቅርንጫፍ 417 የተባለው ሰውዬ በሌላው ቅርንጫፍ 417 አይደለም። ጥቅሉ «417ን ስድስት ጊዜ ጨምር» ብሎ ከተመዘገበ፣ አዲሱ መደብር ላይ በሲኒ ፋንታ ስድስት መጥረጊያ ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች የሚተማመኑት ነጋዴው ራሱ በሚያወጣውና በንግዱ ዓለም ኤስኬዩ በሚባለው የዕቃ መለያ ኮድ ላይ ነው። ኮዱ ሳይደገምና ሳይዘለል ለእያንዳንዱ ዕቃ፣ ለእያንዳንዱ ቀለምና መጠን ጭምር ከተሰጠ፣ ዝምድናው የትም መደብር ላይ እንደገና ሊገጠም ይችላል።

ሁለተኛው መሰናክል ኤክሴል ነው። ከመደብሩ የወጣው ሲኤስቪ ፋይል ተራ ጽሑፍ ነው፤ ባለቤቱ «ትንሽ ላስተካክል» ብሎ በኤክሴል ሲከፍተው ግን ኤክሴል ሳይጠየቅ ያርማል። 007 የሚለውን ኮድ 7 ያደርገዋል። 13 አኃዝ ያለውን ባርኮድ በምህጻር የሳይንስ ቁጥር ያሳየዋል፤ በዚያው ከተቀመጠ የመጨረሻዎቹ አኃዞች ይጠፋሉ። ማር የሚሸጥ ሰው ኮዱን በላቲን ፊደል ማር ብሎ ከጎኑ 1 ቢጽፍ፣ ኤክሴል ማርች 1 ነው ብሎ ወደ ቀን ይለውጠዋል። ይህ የትንሽ ነጋዴ ችግር ብቻ እንዳይመስል፤ የሰው ልጅ ዘረ መል ስያሜዎችን የሚያጸድቀው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 በርካታ ስያሜዎችን የቀየረው ኤክሴል ወደ ቀን እየለወጠ ስላስቸገረ ነው። በዚያው ዓመት በመስከረም መገባደጃ እንግሊዝ ውስጥ 15,841 የኮቪድ ምርመራ ውጤቶች ከዕለታዊ ሪፖርት ወጥተው ቀርተዋል፤ ውጤቶቹ የተጫኑበት አሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ አይዝም ነበር።

ሦስተኛው በተለይ አማርኛ ለሚጽፉ ነጋዴዎች ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን ዛሬ ፋይሎች የሚጻፉበት ዩቲኤፍ-8 የተባለው አሠራር እያንዳንዱን ፊደል በሦስት ባይት ይይዛል። ፋይሉን የሚከፍተው ፕሮግራም ይህን ካላወቀ «ጀበና» በእንግዳ ምልክቶች ክምር ይተካል። ፋይሉ በዚያ ሁኔታ ከተቀመጠ ስሙን መመለስ አስቸጋሪ ነው። ከዚህም ሌላ ዕቃን በስሙ ለማገናኘት መሞከር አማርኛ ላይ አያዋጣም። አንዱ ሠራተኛ «ዕጣን»፣ ሌላው «እጣን» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ አንባቢው አንድ መሆናቸውን ያውቃል፣ ኮምፒውተሩ ግን ሁለት ዕቃ ነው የሚያየው። ይህም ወደ ኤስኬዩ ይመልሰናል።

አራተኛው ቅደም ተከተል ነው። ጥቅሉ ከአባላቱ ቀድሞ ከገባ የሚያያዝበት ዕቃ አያገኝም። መጀመሪያ ምድቦች፣ ቀጥሎ ነጠላ ዕቃዎች፣ ከዚያ በቀለምና በመጠን የሚለያዩት፣ በመጨረሻ ጥቅሎች ይገባሉ። የመጋዘን ቆጠራ ደግሞ ከሁሉ ኋላ ነው፤ ዝውውሩ ሲካሄድ አሮጌው መደብር መሸጡን አላቆመምና፣ ሰኞ የተወሰደ ቆጠራ ረቡዕ ላይ ውሸት ይሆናል።

የቀድሞ ሽያጮች መዝገብም አይዘነጋም። አንድ ጥቅል ሲሸጥ በትዕዛዙ ላይ ብዙ ጊዜ የጥቅሉ መስመርና የአባላቱ መስመሮች አብረው ይጻፋሉ፤ የሚያያይዛቸው ክር ከተበጠሰ የሽያጭ ሪፖርቱ አንዱን ዕቃ ሁለት ጊዜ ሊቆጥረው ይችላል። ደንበኛው ከጥቅሉ አንድ የተሰበረ ሲኒ መልሶ ገንዘቡን ሲጠይቅ፣ የሲኒው ድርሻ ስንት እንደነበር የሚነግር መዝገብ አይገኝም።

የወጣ ፋይል ሁሉ መጠባበቂያ አይደለም

ብዙ ባለሱቅ በየወሩ የምርት ፋይል እያወጣ ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጥና «ባክአፕ አለኝ» ይላል። ከላይ እንደታየው ግን ያ ፋይል ጥቅሎቹን ላይዝ ይችላል። ትክክለኛ መጠባበቂያ የሚባለው መደብሩ ነገ ጠዋት ቢጠፋ ከነዝምድናው መልሶ የሚያቆመው ነው። ራስን ችሎ በሚተዳደር መደብር ላይ ይህ ማለት ሙሉው ዳታቤዝ፣ የፎቶዎቹ ማህደር፣ ፕለጊኖቹና የስሪት ቁጥራቸው ማለት ነው። ኪራይ መደብር ላይ ደግሞ የጥቅሉን ዝርዝር ማውጣት የሚችል አፕሊኬሽን መፈለግ፣ ካልተገኘም ዝርዝሩን በጥንቃቄ በሠንጠረዥ መያዝ ነው።

መጠባበቂያ አለኝ ማለትና መጠባበቂያ መኖር እንዴት እንደሚራራቁ ጊትላብ የደረሰበት ያስረዳል። ጊትላብ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራ የሚቀመጥበት የታወቀ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 ምሽት አንድ መሐንዲስ የዳታቤዙን ተጠባባቂ ሰርቨር ሊያጸዳ ብሎ ዋናውን ሰርቨር ማጥፋት ጀመረ። ስህተቱን አውቆ እስኪያቆመው ድረስ 300 ጊጋባይት ከሚሆነው መረጃ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ገደማ ነበር። ድርጅቱ በርካታ የመጠባበቂያ ዘዴዎች ነበሩት። ዕለታዊው ቅጂ የዳታቤዙ ስሪት ስላልገጠመው ፋይል ሳያወጣ ሲከሽፍ ከርሟል፤ ክሽፈቱን የሚያሳውቀው ኢሜይልም በተቀባዩ በኩል ተቀባይነት ስላጣ ማንም አላየውም። ያዳናቸው ከስድስት ሰዓት በፊት አንድ ሠራተኛ ለሌላ ሥራ ብሎ የወሰደው ቅጂ ነው። የስድስት ሰዓቱ መረጃ ግን አልተመለሰም። ጊትላብ ይህን ሁሉ አልደበቀም፤ የማዳን ሥራውን በዩቲዩብ በቀጥታ አስተላልፏል፣ ዝርዝር ዘገባም አውጥቷል።

ሌላው ትምህርት ከፈረንሳይ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2021 ሌሊት ስትራስቡርግ ከተማ የሚገኝ የኦቪኤች ኩባንያ የሰርቨር ሕንጻ በእሳት ወደመ። ከደንበኞቹ መካከል መጠባበቂያ ቅጂያቸው እዚያው ግቢ የተቀመጠባቸው ነበሩ፤ መደብሩም ቅጂውም አብረው ነደዱ።

ፎቶ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስፋፋው «3-2-1» የሚባለው ደንብ የሚጠቅመው እዚህ ነው፦ መረጃው በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ ቢያንስ አንዱ ከሌሎቹ ርቆ በሌላ ቦታ ይቀመጥ። ለትንሽ ነጋዴ ይህ አንድ ቅጂ መደብሩ ላይ፣ አንድ ቅጂ በውጫዊ ዲስክ፣ አንድ ቅጂ ደግሞ በሌላ ድርጅት ክላውድ ማለት ሊሆን ይችላል።

የዳታቤዝ ቅጂ የደንበኞችን ስም፣ ስልክና አድራሻም ይዟልና እንደ ተራ ፋይል በፍላሽ እየተዞረ የሚሰጥ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣችው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 እንዲሁም ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ የግል መረጃን ለያዘው ሰው ኃላፊነት ይሰጣሉ። ቅጂው በይለፍ ቃል ይቆለፍ፤ ጥቅሎቹን ብቻ የሚያዛውር ባለሙያም የደንበኞቹን ዝርዝር ማግኘት አያስፈልገውም።

መረጃው ደረሰ፣ መደብሩስ?

መረጃው በሰላም መድረሱም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የእንግሊዙ ቲኤስቢ ባንክ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 ደንበኞቹን ወደ አዲስ ሥርዓት ሲያሻግር መረጃው ራሱ በትክክል ገብቶ ነበር። የተሰናከለው አዲሱ ሥርዓት ነው። ደንበኞች ሒሳባቸውን መክፈት አቃታቸው፤ ባንኩ ወደ መደበኛ አሠራሩ የተመለሰው በታኅሣሥ ነው። ተቆጣጣሪዎቹ በ2022 የጣሉበት ቅጣት 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ደርሷል።

የጥቅል ዝውውርም የሚፈተነው በሽያጭ ነው። የዕቃዎቹ ቁጥር ከአሮጌው መደብር ጋር እኩል መሆኑ ጥሩ ምልክት ነው፤ ጥቅሉ መሥራቱን ግን አይናገርም። ከደንበኞች ዓይን በተሰወረ የሙከራ መደብር ላይ ከየዓይነቱ አንድ ጥቅል ይታዘዝ፦ ቋሚ ዋጋ ያለው፣ ዋጋው ከአባላቱ የሚደመር፣ ምርጫ ያለው፣ በፈቃድ የሚጨመር ዕቃ ያለው። ከትዕዛዙ በኋላ የሲኒው ቆጠራ በስድስት ቀነሰ ወይ? ቅናሹ አንድ ጊዜ ብቻ ታሰበ ወይ? የማጓጓዣው ክብደት የጀበናውን ይጨምራል ወይ? ለጥቅሉ የወጣው ፎቶ ከአዲሱ መደብር ነው የሚጫነው ወይስ አሁንም ከአሮጌው? አሮጌው የጥቅሉ ሊንክ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ተለጥፎ ሲጫኑት ወደ አዲሱ ገጽ ይወስዳል ወይ?

የዝውውሩን ቀን መምረጥም የሥራው አካል ነው። ለገና፣ ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ በቀሩት ሁለት ሳምንታት መደብር አይነካም። ከዝውውሩም በኋላ አሮጌው መደብር ለሽያጭ ተዘግቶ ቢያንስ አንድ የሒሳብ ወር ሳይፈርስ ቢቆይ፣ የጎደለ ጥቅል ሲገኝ ሄዶ የሚያዩበት አለ።

የኦንላይን መደብር ያለው አንባቢ ከዚህ ሁሉ አንዱን ዛሬውኑ ሊሠራ ይችላል። ከጥቅሎቹ በብዛት የሚሸጠውን አንዱን ይምረጥ፤ የመጨረሻውን መጠባበቂያ ቅጂ በባዶ የሙከራ መደብር ላይ ይጫን፤ ያን ጥቅል ራሱ አዝዞ ይሞክር። ጥቅሉ ሙሉ ሆኖ ከወጣ ቅጂው ይሠራል። ባዶ ከወጣ ደግሞ ጉድለቱን ደንበኛ ሳያገኘው እሱ አገኘው፤ ለማስተካከልም ጊዜ አለው።